በሩን የያዘው ሰው፦ የጭፈራ ቤት ማናጀር ኃላፊነት ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ

 

ርዕሱን አይታችሁ «መምህሩ ዛሬ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ምዝገባ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጭፈራ ቤት ነው። ከምታነቡኝ መካከል መጠጥ በአፉ የማይዞር፣ በዚያ ደጅም የማያልፍ ብዙ ሰው አለ፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ልጆቻችን እዚያ ናቸው። አንዷ ታስተናግዳለች፣ አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ አንዱ ሙዚቃ ያጫውታል፣ አንዱ ጓዳ ገብቶ ብርጭቆ ያጥባል። አሁን አሁን ደግሞ «ማናጀር ሁንልን» የሚባሉ ወጣቶች አሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ይችላሉ፣ ሒሳብ አይጠፋባቸውም፣ ታማኝ ናቸው። ደመወዙ ካስተናጋጅ ይሻላል። ኃላፊነቱ ምን ድረስ እንደሚሄድ ግን ቁጭ አድርጎ የሚነግራቸው የለም።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ከታሪክ ልንገራቸው። የማወራው ብዙ ቢሆንም የምለው አንድ ነገር ነው። የጭፈራ ቤት ማናጀር ዋና ሥራ ሙዚቃው አይደለም፣ መጠጡም አይደለም፤ በሩ ነው። ማን ይገባል? ማን ይወጣል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? በሩ የተቆለፈውስ ለሰው ነው ወይስ ለገንዘብ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያልመለሰ ሰው ማናጀር አልሆነም፤ ሒሳብ ተቀባይ ነው የሆነው።

አንደኛ፦ ሰውን ለማትረፍ የተቆለፈ በር

በንጉሡ ዘመን ለረጅም ጊዜ ትልልቆቹ የሙዚቃ ቡድኖች የመንግሥት ነበሩ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ብዙውም የደንብ ልብስ ለባሽ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክበቦችና የሆቴል ባንዶች በረከቱ። ዙላ ክለብ፣ ቬነስ ክለብ፣ ራስ ሆቴል፣ ግዮን፣ ሂልተን እያልን መጥራት እንችላለን። ኃይሉ መርጊያን የመሰሉ ሙዚቀኞች በእነዚህ ቤቶች አደጉ። ዋልያስ ባንድም ከዚሁ የክበብ ሕይወት ወጥቶ ለዓመታት የሂልተን ሆቴል ባንድ ሆነ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ፣ ከተማዋም ሰዓት እላፊ ገባባት። ሰዓቱ አንዴ ሲጠብቅ አንዴ ሲላላ፣ የሰዓት እላፊው ኑሮ በደርግ ዘመን ለብዙ ዓመታት ቆየ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይታሰራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብሩ ጊዜ ደግሞ መታሰር እንኳ ዕድል ነበር።

«እንግዲያው ጭፈራ ቤቶቹ ተዘጉ» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሁሉም አልተዘጉም። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። ሰዓት እላፊው ከመግባቱ በፊት በራቸውን ይዘጋሉ፤ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ውስጥ ያድራል። ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ጠዋት ሰዓት እላፊው ሲያበቃ በሩ ይከፈትና ሰው በብርሃን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ዛሬም ሲያስታውሱ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ እስከ ንጋት የሚዘልቀውን ጨዋታ።

ሙዚቀኞቹን ሁላችንም እናደንቃለን። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ቁልፉን የያዘውን ሰው ነው።

እስቲ አስቡት። ሌላ ጊዜ ሰክሮ የሚረብሽ ደንበኛ ቢኖር ማናጀሩ ለጋርዱ ምልክት ይሰጣል፣ ሰውየው ወደ ውጭ ይጣላል፣ ነገሩ ያበቃል። በሰዓት እላፊ ሌሊት ግን «ውጣልኝ» ማለት አይችልም። ውጭ የሚጠብቀው ጥበቃና ጠመንጃ ነው። ሰካራሙን አብርዶ፣ የተጣሉትን አራርቆ፣ የታመመውን አስተኝቶ ማደር አለበት። አንዲት ሴት ከማትፈልገው ሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ስታድር ማን ይጠብቃታል? እሱ ነው። የሰከረው መሸታው ላይ መንግሥትን መሳደብ ቢጀምርና ባጠገቡ ጆሮ ጠቢ ቢኖርስ? እሱንም ቀድሞ አይቶ ወሬውን ማዞር ያለበት እሱ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት እንግዳ ተቀባይ፣ ሽማግሌ፣ አስታማሚና ዘበኛ ሆኖ ያድራል። ያስገባውን ሰው ቆጥሮ እንደተቀበለ ቆጥሮ ያስረክባል።

ያ ዘመን ክፉ ነበር፤ አላሞጋግሰውም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ አድርጎ አሳይቷል። ደንበኛ በርህን ካለፈበት ደቂቃ ጀምሮ በደህና ቤቱ እስኪገባ ድረስ አደራ ነው። ሰላም በሆነ ጊዜ ይህን እንረሳዋለን፤ ምክንያቱም አደራውን ወደ ውጭ ወርውረን በሩን መዝጋት እንችላለን።

ሁለተኛ፦ ለገንዘብ የተቆለፈ በር

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መቆለፍ ደግ ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ሌላውን ታሪክ ስሙ።

ኖቬምበር 28 ቀን 1942 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ። ኮኮናት ግሮቭ የሚባል ዝነኛ የምሽት ክበብ ነበር። ቤቱ እንዲይዝ የተፈቀደለት 460 ሰው ነው፤ በዚያ ቅዳሜ ማታ ውስጡ የነበረው ግን ወደ 1,000 ይጠጋል። ጣሪያው በጨርቅ፣ ግድግዳው በሰው ሠራሽ ዘንባባ ያሸበረቀ ነበር። ምድር ቤት ባለው ባር እሳት ተነሳ። ሰው ወደ ዋናው በር ሮጠ፤ ዋናው በር ተሽከርካሪ በር ስለነበረ በሰው ብዛት ተጣበቀ። ወደ ሌሎቹ በሮች ሮጠ፤ አንዳንዶቹ ተቆልፈዋል። ለምን ተቆለፉ? ሒሳብ ሳይከፍል የሚወጣ ደንበኛ እንዳይኖር ነዋ! ሌሎቹ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ስለነበሩ የተገፋፋው ሕዝብ ራሱ ዘጋቸው። 492 ሰው ሞተ። ለጥቂት ብርጭቆ ሒሳብ!

የክበቡ ባለቤትና አስተዳዳሪ ባርኒ ዌላንስኪ በዚያች ሌሊት ክበቡ ውስጥ አልነበረም፤ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ጠበቆቹ ይህን ቢያነሱም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። በሩ እንዲቆለፍ ያደረገው አሠራር የእሱ ነው፣ ሰው ከልክ በላይ እንዲገባ ያደረገው ልማድ የእሱ ነው ተባለና በሰው ሞት ተጠያቂ ሆኖ ከ12 እስከ 15 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኙም በ1944 እ.ኤ.አ. ውድቅ ሆነ። ያ ፍርድ ዛሬም በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ማናጀር ለመሆን የምታስቡ ወጣቶች ይህችን ያዙልኝ፦ «እኔ አልነበርኩም» መልስ አይሆንም። ቤቱ ያለ አንተም በደህና እንዲያድር ማድረግ ራሱ ሥራህ ነው። ከእሳቱ ጥቂት ቀናት በፊት ተቆጣጣሪ መጥቶ ቤቱን ደህና ነው ብሎ ነበር፤ ስለዚህ «ተፈትሾልኛል» የሚለውም አያድንም።

«ይሄማ የድሮ ነው» እንዳትሉ፣ ወደ ብራዚል እንሂድ። ጃኑዋሪ 27 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ሳንታ ማሪያ ከተማ፣ ኪስ የሚባል ክበብ። ባንዱ መድረክ ላይ የርችት እሳት ለኮሰ፤ ድምፅ እንዲያፍን ጣሪያው ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ተቀጣጠለ። መውጫው አንድ ብቻ ነበር። በር ላይ የቆሙት ጋርዶች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰዉን አገዱት። ለምን? ሳይከፍሉ የሚወጡ መስሏቸው! ከቦስተን 70 ዓመት በኋላ ያው ምክንያት። 242 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። የሽንት ቤቱን በር መውጫ መስሏቸው ገብተው እዚያው የቀሩ ብዙ ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የክበቡ ባለቤቶችና ሁለት የባንዱ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ክሱም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት ቆየ።

ያ ጋርድ ክፉ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። የታዘዘው «ሒሳብ ያልከፈለ እንዳይወጣ» ተብሎ ነው፤ ስለ እሳት ማንም አልነገረውም። ጥፋቱ በር ላይ ታየ እንጂ የተጀመረው ከማናጀሩ ቢሮ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን በሮች አስተያዩ። የአዲስ አበባው በር የተቆለፈው ሞት ውጭ ስለነበረ ነው። የቦስተኑ የተቆለፈው ገንዘብ ውስጥ ስለነበረ ነው። ደግሞ ሰውን ለማትረፍ የተቆለፈ በር እንኳ ቁልፉ ከበሩ አጠገብ፣ ነቅቶ ካደረ ሰው እጅ ካልሆነ እሱም መቃብር ነው።

ሦስተኛ፦ መሣሪያውና ወረቀቱ

ወደ አዲስ አበባ ልመልሳችሁ። በዚያ ዘመን በብዙ ክበቦች ጊታሩም፣ ኦርጋኑም፣ ከበሮውም የባለቤቱ ነበር። ሙዚቀኛው የሚመጣው ጣቱንና ጉሮሮውን ይዞ ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ፣ ሌላ ቤት የተሻለ ቢከፈለው እንኳ፣ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። የዋልያስ ልጆች በታሪክ ከሚነሱበት አንዱ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ራሳቸውን ችለው መሥራታቸው ነው። መሣሪያው የራስህ ሲሆን ከባለቤቱ ጋር እንደ ሰው ትነጋገራለህ።

የእኛ መሣሪያ ምንድን ነው? ወረቀታችን ነው። አሊየን ካርድ፣ ማንዴት፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ። የኬንያ የ2021 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ ስደተኛ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል፤ የሥራ ፈቃዱን ማግኘት ግን ስንቶቻችንን እንዳንከራተተ ታውቃላችሁ። ይህን ክፍተት የሚያውቅ አሠሪ «ካርድህ እኔ ጋ ይቀመጥ» ይላል። አንዲት ያስተማርኳት ልጅ በምትሠራበት ቤት ካርዷ ተይዞባት ነበር፤ ለተሰበረ ብርጭቆ፣ ከፍሎ ላልሄደ ደንበኛ፣ ለዘገየችበት ሰዓት እየተባለ ዕዳ ይጻፍባታል፣ ዕዳው ሳያልቅ ደግሞ ካርዱ አይመለስም። ማንም በሰንሰለት አላሰራትም፤ ግን መውጣት አትችልም ነበር። ይህም የተቆለፈ በር ነው።

ማናጀር የምትሆኑ ልጆች፣ በተለይ እናንተ ራሳችሁ ስደተኛ የሆናችሁ፣ የማንንም ወረቀት አትያዙ። ባለቤቱ «ያዝልኝ» ቢላችሁም እንቢ በሉ። ፎቶ ኮፒ ይበቃል።

አራተኛ፦ ባሕር ማዶ የተከፈተ በር

ጭፈራ ቤት የጉዳት ታሪክ ብቻ የለውም። አምሃ እሸቴን ብዙዎቻችሁ በሙዚቃ አሳታሚነቱ ታውቁታላችሁ። በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ሸክላ የማሳተም መብት የመንግሥት ብቻ ነው በሚባልበት ጊዜ፣ ደፍሮ አምሃ ሬኮርድስን ጀመረ። በደርግ መጀመሪያ ዓመታት አገሩን ለቆ ወጣ፤ ዋሽንግተን ሲኖር ምግብ ቤትና ኢቤክስ የሚባል የምሽት ክበብ ከፈተ። ኢቤክስ ማለት ዋልያ ማለት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ከጉዞው ጀርባ አምሃ ነበረበት። ከባንዱ ገሚሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ።

ያኔ የወጣ ስደተኛ ዛሬ እንዳለን ዓይነት ቴሌግራምና ዋትስአፕ አልነበረውም። አገር ቤት ማን ሞተ፣ ማን ታሰረ፣ ማን በሱዳን ወጣ፣ የት ሥራ አለ የሚለውን የሚሰማው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ምግብ ቤት፣ አለዚያም ሐበሻ የሚሰበሰብበት ክበብ ሄዶ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሳይፈልግም የሰፈር ሽማግሌ ይሆናል። አዲስ መጤው ገንዘብ ሳይኖረው ደጁ ላይ ይቆማል፤ ማስገባትም መመለስም በእሱ እጅ ነው። ይህን የምለው ክበብን ለማወደስ አይደለም። ስደት ላይ በር የያዘ ሰው ከቢዝነስ በላይ የሆነ ነገር እንደያዘ እንዲያውቅ ነው።

አምስተኛ፦ እዚህ ሞያሌ

አሁን ወደ ከተማችን። ከኢሲዮሎ የሚመጣው አስፋልት ካለቀና በ2020 እ.ኤ.አ. የጋራ የድንበር ኬላው ከተመረቀ ወዲህ የከባድ መኪና ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ አላፊ አግዳሚውም በዝቷል። የሚያድር ሰው ሲበዛ የማታ ቤት ይበዛል።

ሰዓት እላፊን እኛም አይተናል። በኮቪድ ጊዜ ከማርች 27 ቀን 2020 ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ መላው ኬንያ ሰዓት እላፊ ላይ ነበር፤ ሲጀመር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በግጭቱ ምክንያት የእኛ የማርሳቢት ካውንቲ ለብቻው ከምሽት እስከ ንጋት ተዘጋ። በኮቪዱ ጊዜ በየከተማው ደንበኛውን ውስጥ ቆልፈው፣ መብራት አጥፍተው የሸጡ ባሮች ነበሩ። ከአዲስ አበባው ጋር ይመሳሰላል አይደል? ግን ፖሊስ ሲመጣ ማን ተያዘ? ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን አስተናጋጇና ብርጭቆ አጣቢው። ከእነሱ ደግሞ ወረቀት የሌለው መጀመሪያ።

ሌላው ዕድሜ ነው። ሞያሌ ላይ ድንበሩን ስትሻገር ሕጉ ይለወጣል። በኢትዮጵያ በኩል የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። በኬንያ በኩል የ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ፣ ሰው በተለምዶ «የሙቱቶ ሕግ» የሚለው፣ ወሰኑን 18 ያደርገዋል፤ ከ18 በታች የሆነ ልጅ መጠጥ ወደሚጠጣበት ክፍል እንዲገባም አይፈቅድም። ወዲያ ማዶ የተከለከለ የ19 ዓመት ልጅ ወዲህ ተሻግሮ ይጠጣል፤ ከዚያ ሰክሮ በሌሊት ድንበር ሊያቋርጥ ይነሳል። ወረቀት ላይ ጥፋት የለብህም፤ ልጁ ግን ያንተ አደራ ነው። የ15 ዓመቷ ልጅ ደግሞ ቀለም ተቀብታ 20 ብላ ትመጣለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ጁን ውስጥ በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን አንድ መሸታ ቤት ውስጥ 21 ወጣቶች በአንድ ሌሊት ሞቱ፤ ትንሹ 13 ዓመቱ ነበር። በር ላይ ዕድሜ መጠየቅ ሰውን ማዋረድ አይደለም።

ልጨርስ ነው። ሥራውን ለምትይዙ እንደ አስተማሪ በዝርዝር ልተውላችሁ፤ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፦

1. ቤቱ ስንት ሰው እንደሚይዝ እወቁ፤ ሲሞላ «ሞልቷል» በሉ። ባለቤቱ ቢቆጣም በሉ።
2. ሁለተኛ መውጫ ይኑር፤ ወደ ውጭ ይከፈት፤ የቢራ ሣጥን አይደርደርበት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየቀኑ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩት።
3. ጋርዱን «አደጋ ከመጣ ሒሳብ የለም፣ በሩን ክፈት» በሉት። አንዴ ሳይሆን ደጋግማችሁ።
4. መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተር ታስነሳላችሁ። ቤት ውስጥም በረንዳ ሥርም አታስቀምጡት፤ ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል። ባትሪ መብራት በየጥጉ ይኑር።
5. የፈቃዱን ወረቀት፣ የተፈቀደውን ሰዓት ራሳችሁ አንብቡት። «ባለቤቱ ጨርሶታል» አይበቃም። የባርና የናይት ክለብ ፈቃድ አንድ አይደለም።
6. የሰከረን ሰው ወደ ጨለማ አትወርውሩ። ውኃ ስጡት፣ አስቀምጡት፣ የሚያውቀውን ሰው ጥሩለት፣ በሚታወቅ ቦዳ ቦዳ ላኩት።
7. ሠራተኛዋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዴት ቤቷ ትገባለች? መልሱን ሳታውቁ መብራት አታጥፉ። የመጨረሻዋ ልጅ ቤቷ ስትገባ ነው የእናንተ ሥራ የሚያበቃው።
8. የማንም ካርድ በእጃችሁ አይደር።

ለወላጆችና ለታላላቆች ደግሞ አንድ ቃል። ልጃችሁ የማታ ቤት እንደሚሠራ ስትሰሙ የምትጠይቁት «እንዴት እዚያ ገባህ?» ብቻ አይሁን። «መውጫው በየት ነው? ካርድህ ከማን ጋር ነው? ማታ ማን ያደርስሃል?» በሉት። ሥራውን ባትወዱለትም ነፍሱን ትወዱለታላችሁ። በተግሣጽ ብቻ ከራቃችሁት ችግር ሲደርስበት የሚደውለው ለእናንተ አይሆንም።

እናንተ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የምታክሉት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ በይፋ የማይነገረውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስም አላወጣም። ይህን ጽሑፍም ማናጀር ለሆነ ወይም ሊሆን ላሰበ ልጅ አድርሱት።

ቸር እንሰንብት።